ምድርና ባሕር በዓመት ምን ያህል ያበቅላሉ?



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ልኬት ነው። አንድ ካሬ ሜትር መሬት፣ ወይም አንድ ካሬ ሜትር የውኃ ገጽ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል ሕይወት ያለው ነገር ያበቅላል? ገበሬ ስለ ማሳው፣ አርብቶ አደር ስለ ግጦሹ ይህን ሁልጊዜ ይጠይቃል። የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ደግሞ ማንም ያልዘራውንና ማንም የማያጭደውን ጫካ፣ ረግረግ፣ በረሃና ውቅያኖስ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ለማነጻጸር ብዙ ደክመዋል። የደረሱበት ውጤት ዐይናችንን አምነን ከምንገምተው የራቀ ነው፤ ለአገራችን ሐይቆችና ረግረጎችም የሚናገረው ብዙ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ምርት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ። ዕፅዋት፣ ዋቅላሚዎችና አንዳንድ ባክቴሪያዎች በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራሉ። በትምህርት ቤት ብርሃን አስተፃምሮ ብለን የተማርነው ይህንኑ ነው። እንዲህ የተሠራው ሁሉ ጥቅል ምርት ይባላል። ዕፅዋቱ ግን ራሳቸውም ይተነፍሳሉና ከሠሩት ስኳር ከፊሉን ለገዛ ኑሯቸው ያቃጥሉታል። ተርፎ ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥርና ፍሬ የሚሆነው የተጣራ ምርት ነው። አንበሳውም፣ ምስጡም፣ ዓሣውም፣ እኛም የምንኖረው ከዚህ ትርፍ ላይ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞቃትና ጥቅጥቅ ያለ የሐሩር ደን ከሚሠራው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ራሱ ይተነፍሰዋል። ከቀረውም አብዛኛው ቅጠልና ግንድ ሆኖ ይረግፍና ይበሰብሳል፤ የሚያበሰብሱት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ አማዞን ለዓለም የሚተነፈስ ኦክስጅን ያቀርባል ተብሎ በየጊዜው የሚነገረው ትክክል አይደለም፤ ደኑ የሚያወጣውን ያህል መልሶ ይጠቀማል። አማዞንን መጠበቅ የሚገባን በግንዱና በአፈሩ ስላከማቸው ካርቦን፣ ስለሚመልሰው ዝናብና በውስጡ ስላሉት ፍጥረታት ነው። እነዚህ በቂ ምክንያቶች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ምርትን ከክምችት እንለይ። ጎተራው ካለፉት ዓመታት እህል ጢም ብሎ የሞላ ገበሬ ዘንድሮ ብዙ አጭዷል ማለት አይደለም፤ ጎተራው ባዶ የሆነውም እያመረተ ዕለት በዕለት ይበላበት ይሆናል። አሜሪካውያኑ ሮበርት ዊተከርና ጂን ላይከንስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁትና እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ሠንጠረዥ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በእነሱ ግምት የሐሩር ዝናብ ደን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ 45 ኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት ተሸክሞ ይቆማል፤ በዓመት የሚያመርተው የተጣራ ምርት 2.2 ኪሎ ነው። ከዳርቻ የራቀው ክፍት ውቅያኖስ ግን በካሬ ሜትር የሚገኝበት ሕያው ክብደት 3 ግራም ብቻ ሲሆን በዓመት 125 ግራም ያመርታል። ሒሳቡን ሥሩት። ደኑ ያከማቸውን ያህል እንደገና ለማምረት 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ የውቅያኖሱ ሕይወት ግን ክብደቱን በዓመት ከ40 ጊዜ በላይ ይተካል። ባሕሩ ጥርት ብሎ የሚታየን የሚበቅለው ወዲያው ስለሚበላ ጭምር ነው።

ከዚሁ ሠንጠረዥ ጥቂት ቁጥሮች ልጨምር። ሳቫና፣ ማለትም ሣርና ዛፍ የተቀላቀለበት የሐሩር ሜዳ፣ በካሬ ሜትር 900 ግራም ያመርታል። ሰው የሚያርሰው መሬት በዓለም አማካይ 650 ግራም ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢው ታንድራ 140፣ ቁጥቋጦ የሚበቅልበት በረሃ 90 ግራም ይደርሳሉ። ከሁሉ በላይ የሚገኙት የኮራል አለቶችና የባሕር ዋቅላሚ መስኮች፣ የሐሩር ደንና ረግረግ ናቸው። ረግረግ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያመርታል። ሰው ለፍቶ ካረሰው መሬት አማካይ ሦስት ወይም አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር አደራ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ክፍት ውቅያኖስ በካሬ ሜትር ሲታይ ከታንድራ ጋር የሚቀራረብ ድሃ ነው። ነገር ግን ስፋቱ 332 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምድር ገጽ ከመቶ ወደ 65 የሚጠጋው ማለት ነው። ስለዚህ በድምሩ በዓመት ወደ 41 ቢሊዮን ቶን ደረቅ ክብደት ያመርታል፤ የሐሩር ዝናብ ደኖች ሁሉ ተደምረው 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ናቸው። በኋላ ሳተላይቶች የባሕርን ቀለምና የመሬትን ልምላሜ ከሰማይ መለካት ሲጀምሩ ስሌቱ እንደገና ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሪስቶፈር ፊልድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት የምድር ዓመታዊ የተጣራ ምርት 105 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ከየብስ፣ ጥቂት የሚያንሰው ከባሕር። በዓይን የማይታዩት የባሕር ዋቅላሚዎች የምድርን ደን፣ ሣርና እርሻ ሁሉ ሊተካከሉ ጥቂት ነው የቀራቸው።

ይህ ሁሉ እንዴት ተለካ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ መጠየቅም አለባችሁ። በሣር ሜዳ ላይ በየጊዜው ማጨድ፣ ማድረቅና መመዘን ነው። ጫካ ውስጥ የዛፎችን ውፍረት በየዓመቱ መለካትና የሚረግፈውን ቅጠል በመረብ መሰብሰብ ይጨመርበታል። ለውኃ የሚሆነውን ዘዴ ኖርዌያውያኑ ጎርደርና ግራን እ.ኤ.አ. በ1927 አስተዋወቁ፤ ዛሬም ድረስ ተማሪዎቻችን በጀልባ ላይ ሆነው ይሠሩበታል። ከአንድ ጥልቀት በተቀዳ ውኃ ሁለት ጠርሙሶች ይሞላሉ። አንደኛው ብርሃን የሚያስገባ ነው፤ ሌላው በጥቁር ነገር ተሸፍኗል። ሁለቱም በገመድ ታስረው ወደተቀዱበት ጥልቀት ይወርዱና ለጥቂት ሰዓታት ይቆያሉ። ሲጀመር በሊትር 8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ነበረ እንበል። ሲወጡ የብርሃኑ ጠርሙስ 11፣ የጨለማው 7 ሆነው ተገኙ። በጨለማው ውስጥ መተንፈስ ብቻ ስለነበረ 1 ሚሊ ግራም ጎደለ። በብርሃኑ ውስጥ መሥራትም መተንፈስም ስለነበረ በትርፍ 3 ጨመረ። እንግዲህ የተጣራው 3፣ ጥቅሉ 4 ነው። ይህን በየጥልቀቱ ደጋግመን ከላይ እስከ ታች ስንደምረው የአንድ ካሬ ሜትር የሐይቅ ገጽ ምርት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 ዴንማርካዊው ስቴማን ኒልሰን ጨረር አመንጪ ካርቦን የሚጠቀም ዘዴ አስተዋወቀ፤ ኦክስጅኑ ብዙም በማይለወጥበት በድሃው ውቅያኖስ ላይ ለመለካት የተቻለው በዚህ ነው።

ወደ ምክንያቱ እንለፍ። አንዱን ቦታ ሀብታም፣ ሌላውን ድሃ የሚያደርገው ምንድን ነው? በየብስ ላይ መልሱ በአብዛኛው ውኃና ሙቀት ነው። በረሃ ፀሐይ አላነሰውም፤ ዝናብ ነው ያነሰው። ታንድራ ውኃ አላጣም፤ የሚበቅልበት ወቅት አጠረበት። ባሕር ላይ ግን ውኃ አይጎድልም፤ ጥያቄው ብርሃንና ማዳበሪያ ነው። ብርሃን ከላይ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ደግሞ ከሞቱ ፍጥረታት ጋር ወደ ጨለማው ጥልቀት ይሰምጣሉ። ሞቃቱ የላይኛው ውኃ ቀላል ስለሆነ ከቀዝቃዛው የታችኛው ውኃ ጋር አይቀላቀልም። ሰማያዊውና የሚያምረው የሐሩር ባሕር ድሃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ እያለ ዋቅላሚ የማይበዛባቸው ሰፋፊ የባሕር ክፍሎች ግን ባለሙያዎቹን ለብዙ ዘመን አስቸግረው ነበር። አሜሪካዊው ጆን ማርቲን የጎደለው ብረት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሐሳቡ ባሕር ላይ ሊፈተን ጥቂት ወራት ሲቀሩት አረፈ። በ1995 በምድር ወገብ ፓሲፊክ ላይ ጥቂት መቶ ኪሎ የብረት ጨው ሲበተን የውኃው ቀለም በቀናት ውስጥ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ማርቲን ትክክል ነበር። የሚያስገርመኝ ደግሞ አንዱ የብስ ከሌላው የብስ ጋር በአቧራ መተሳሰሩ ነው። ከቻድ የቦዴሌ ዝቅተኛ ስፍራና ከቀረው ሰሐራ የሚነሣው አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ በዓመት 22,000 ቶን ገደማ ፎስፈረስ አማዞን ላይ እንደሚያራግፍ በሳተላይት ተሰልቷል። በምድር ላይ ካሉት ለምለም ቦታዎች አንዱ ከደረቁት ቦታዎች አንዱ ያዳብረዋል።

እሺ፤ ውኃም፣ ሙቀትም፣ ፀሐይም፣ ማዳበሪያም ሁሉ ቢሟላስ? ምርት የት ድረስ ሊወጣ ይችላል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የዓለም ተመራማሪዎች የመጡት ወደ ቢሾፍቱ ነው። እንግሊዛዊው የሐይቅ ተመራማሪ ጃክ ታሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት የተነሣው ከዚሁ ነበር፦ በውኃ ውስጥ የዋቅላሚ ምርት ጣሪያው የት ነው? መልሱን የፈለጉት በሁለት የቢሾፍቱ አካባቢ ሐይቆች፣ በአረንጓዴ ሐይቅና በኪሎሌ ውስጥ ነው።

አረንጓዴ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ትንሽ ሐይቅ ነው። ውኃው ሶዳ የበዛበት ነው። ሶዳው ለዋቅላሚው የማያልቅ የካርቦን ስንቅ ነው፤ ፎስፈረሱም የተትረፈረፈ ነው። የአካባቢው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አይጎድልም፤ የጉድጓዱ ግድግዳም ነፋሱን ይከልለዋል። በዚህ ውኃ ውስጥ እንደ ጥቅልል ሽቦ የተጠማዘዘው ስፒሩሊና የተባለ ዋቅላሚ ይራባል። በእፍኛችሁ ብትዘግኑት ውኃው የተፈጨ ጎመን ይመስላል፤ እጃችሁን ብታስገቡ ክርናችሁ ሳይደርስ ጣቶቻችሁ ከዐይን ይሰወራሉ። ታሊንግና ባልደረቦቹ የለኩት ምርት በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ሆነ። ጣሪያውን የሠራው ደግሞ ራሱ ዋቅላሚው ነው። ከመብዛቱ የተነሣ የላይኛው የታችኛውን ይጋርደዋል፤ ከአንድ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ውስጥ ብርሃኑ አልቆ ከዚያ በታች መተንፈስ ብቻ ይቀራል። ሌላው ሁሉ ሲሟላ የመጨረሻው ወሰን ብርሃን ነው። ይህ ዕውቀት ለዓለም የተሰጠው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ከማይርቅ ቦታ ነው፤ የአገራችን ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ኪሎሌ ግን ዛሬ ያን ጊዜ የተጠናው ሐይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ። ጨውና ሶዳው ቀጠነ፤ ስፒሩሊናው ጠፍቶ ሌሎች ዋቅላሚዎች ቦታውን ያዙ። ሐይቁ ውኃ አለው፤ እንዲያውም ጨመረለት። ከዓለም አንደኛ ረድፍ ያሰለፈው ምርት ግን አብሮ ሄደ።

እስከ አሁን ያየነው ስንት እንደሚመረት ነው። ምርቱ ለማን እንደሚደርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሬይመንድ ሊንደማን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሚኒሶታ ውስጥ የሚገኝ አንድ ትንሽ ረግረጋማ ሐይቅ አጥንቶ ጉልበት ከበቃዩ ወደ በላተኛው፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ በላተኛ ሲተላለፍ እንዴት እየመነመነ እንደሚሄድ አሳየ። ጽሑፉ ሲታተም እሱ በ26 ዓመቱ አርፎ ነበር። ዛሬ እንደ ግምታዊ ልክ የምንይዘው ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያልፈው አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚለውን ነው። ስለዚህ የእርከኖቹ ብዛት ወሳኝ ነው። በክፍት ውቅያኖስ ውስጥ ዋቅላሚዎቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ቱና ዓሣ ጋ እስኪደርስ አራት አምስት በላተኛ በመካከል ይገባል፤ የሚደርሰው እፍኝ የማይሞላ ነው። በፔሩ ዳርቻ ግን ነፋሱ የላይኛውን ውኃ ገፍቶ ቀዝቃዛና ማዳበሪያ ያዘለ ውኃ ከታች ይስባል። በዚያ የሚበቅሉት ዋቅላሚዎች ትልልቅ ናቸው፤ አንቾቬታ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በአንድ ወይም በሁለት እርከን ብቻ ይመገባቸዋል። ከባሕሩ ስፋት ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞሉት እንዲህ ያሉ ዳርቻዎች የዓለምን የባሕር ዓሣ አምስተኛ ያህል የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ምርታማ ነው ማለት ግን አያልቅም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቬታ ተጠመደ፤ በታሪክ ከአንድ የዓሣ ዝርያ ያን ያህል የተጠመደበት ጊዜ አልነበረም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኤል ኒኞ የሚባለው የአየር ንብረት መዛባት ሞቃቱን ውኃ በዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አለበሰው። ከልክ ያለፈው ማጥመድና የባሕሩ መሞቅ ተባብረው በ1973 የዓሣውን ምርት ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች አወረዱት። የፔሩ ዓሣ አጥማጆችና ፋብሪካዎቻቸው ለዓመታት አላገገሙም።

ምርቱ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ በየብስም አለ። ጫካ ውስጥ ቅጠል በል እንስሳት ከምርቱ ከአንድ አሥረኛ በታች ነው የሚበሉት፤ እንጨት ለማንም አይመችም። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ሜዳ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዋይልድቢስት ከነሜዳ አህዮቹ እየተዘዋወሩ ከመሬት በላይ ካለው ሣር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይበላሉ። ሣሩ እድገቱ ያለው ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ስለሆነ ሲበላ መልሶ ያቆጠቁጣል። የሳቫና ምርት በቁጥር ከደን ያንሳል፤ ለእንስሳት የሚያቀርበው መብል ግን ይበልጣል። አርብቶ አደሮቻችን ሜዳቸውን የሚያከብሩት ይህን በኑሮ ስለሚያውቁት ነው፤ ግጦሽን ባዶ መሬት ብሎ የሚመዘግብ ሹም ቢያንስ ይህን ሊሰማ ይገባል።

አሁን አደራ ያልኳችሁን ቁጥር አምጡልኝ። ረግረግ ከታረሰ መሬት አማካይ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያመርታል ብያለሁ። ምሳሌው ጣና ላይ አለ። የጣና ክፍት ውኃ በምርታማነቱ ዝቅተኛ መሆኑን የአገራችን ተመራማሪዎች ለክተው አሳይተዋል፤ በክረምት ወንዞች የሚያመጡት ደለል ብርሃኑን ይዘጋበታል። የሐይቁ ሕይወት በብዛት የተንጠለጠለው በዳርቻው ላይ ነው። እዚያ የሚበቅለው ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት ማለት ነው፣ በምድር ላይ ፈጥነው ከሚያድጉት ዕፅዋት አንዱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የደንገል ረግረጎች በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ የሚበልጥ ዓመታዊ ምርት ተለክቷል። በሥሩ ደለል ይይዛል፤ አምባዛና ቆሮሶ በመካከሉ ይራባሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው አረምም ፈጣን አምራች ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ከእርሻ ማሳ የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ይቀልበዋል። የመጣው ግን ከደቡብ አሜሪካ ስለሆነ እዚያ የሚበሉት ነፍሳት እዚህ የሉም፤ ምርቱ ውኃው ላይ ይነጠፍና ብርሃን ይከለክላል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይወስዳል፣ የአጥማጁን መረብና ጀልባ ያግታል። ምርታማነት በራሱ ጤንነት አይደለም የምለው በዚህ ነው። ደንገሉን ነቅለን ዳርቻውን ስናርስ ደለሉን የሚይዘው ይጠፋል፤ ማዳበሪያው ሳይጣራ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ እምቦጩም ይወፍራል። አንዱን አምራች አጥፍተን ሌላውን እንመግባለን።

ጤፍ ይበላል፣ ቄጠማ አይበላም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ መሬት ያነሰው ገበሬ ረግረግ ቢያጠነፍፍ አልፈርድበትም። ነገር ግን በበጋ ሌላው ሁሉ ደርቆ ሳለ ከብቱ የሚሰማራው ጨፌው ላይ አይደለምን? ለቤት ክዳን የሚታጨደው ሣር፣ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ፣ ጉድጓዱን የሚሞላው ውኃ፣ የሚጠመደው ዓሣ በሒሳቡ ውስጥ ይግቡ። አራት እጥፍ የሚያመርተውን አጥፍተን አንድ እጥፍ ስናመርት ልዩነቱን ማን እየከፈለ እንደሆነ ይታወቅ።

ስለዚህ በየቀበሌያችሁና በየወረዳችሁ ረግረግ ለማጠንፈፍ፣ ወንዝ ለመጥለፍ ወይም የሐይቅ ዳርቻ ለማረስ ዕቅድ ሲቀርብ ስብሰባው ላይ ተገኙ። መሬቱ አሁን ምን ያህል እንደሚያመርት የለካ ሰው አለ ወይ? ምርቱ የሚደርሰው ለማን ነው? ከዕቅዱ በኋላስ ለማን ይሆናል? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሚሰጥ ከሌለ ውሳኔው ልኬቱ እስኪሠራ ይቆይ ብላችሁ አስመዝግቡ። በአቅራቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎቹን ይዞ እንዲመጣም ጋብዙ፤ ሥራውን ለመጀመር ሁለት ጠርሙስ፣ ማጭድና ሚዛን ይበቃል።